ትራኪቲክ፣ ባዛልቲክ «ወይም ተመጣጣኝ»፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ ቤት ለሚያሠራ የድንጋይ መምረጫ

ለገጣፎም ይሁን ገላን፣ ቡራዩም ይሁን ሱሉልታ፣ ቤት የሚያሠራ ሰው ከመሐንዲስ በሚቀበለው የሥራ ዝርዝር ውስጥ ሁለት መስመሮች አይጠፉም። አንዱ «50 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የመሠረት ግንብ፣ በትራኪቲክ ወይም ተመጣጣኝ ድንጋይ» ይላል። ሌላው «25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሃርድኮር፣ በባዛልቲክ ወይም ተመጣጣኝ ድንጋይ» ነው፤ ሃርድኮር የሚባለው ከወለሉ ኮንክሪት ስር የሚደረደረው ድንጋይ ነው። ባለቤቱ ዋጋውን ያያል፣ ኮንትራክተሩ መጠኑን ያያል፤ የድንጋዩን ስም ቆም ብሎ የሚያነብ ግን ብዙም የለም። ሻጩ ዘንድ ያሉት ስሞች ደግሞ «ጥቁር ድንጋይ» እና «ነጭ ድንጋይ» ናቸው። እናም «ተመጣጣኝ» በምትለዋ ቃል ተከልሎ ሁሉም ዓይነት ድንጋይ ግቢ ይገባል፦ ጥሩው፣ የበሰበሰው፣ ውሃ የሚመጠው።

ይህ መመሪያ በከተማዋ ዙሪያ የሚገኙትን ድንጋዮች በየሥራቸው ያወዳድራል። ለማጣራት የሚያስፈልገው መዶሻ፣ ባልዲና የእጅ ሚዛን ነው።

ስሞቹ የሚነግሩንና የማይነግሩን

ሁሉም ከእሳተ ገሞራ የመጡ ናቸው፤ የተሰየሙት ግን በሁለት የተለያዩ መንገዶች ነው። ባዛልትና ትራካይት ንጥረ ነገርን የሚገልጹ ስሞች ናቸው። ባዛልት ከ45 እስከ 52 በመቶ ሲሊካ ይዟል፤ ብረትና ማግኒዥየም ስለሚበዛበት ይጠቁራል፣ ይከብዳልም። ትራካይት ብዙውን ጊዜ ከ60 እስከ 65 በመቶ ሲሊካ፣ ከዚያም ጋር ብዙ ሶዲየምና ፖታሲየም አለው። አብዛኛው አካሉ ፌልድስፓር የተባለው ማዕድን ስለሆነ መልኩ ወደ ነጣ ያለ ግራጫ፣ አንዳንዴም ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሮዝ ያደላል። ሲሊካው ከዚያም አልፎ 70 በመቶ አካባቢ ሲደርስና ኳርትዝ ሲበዛበት ሪዮላይት ይባላል።

ኢግኒምብራይት፣ ስኮሪያና ፑሚስ ግን አፈጣጠርን የሚናገሩ ስሞች ናቸው። ኢግኒምብራይት ከእሳተ ገሞራ የፈነዳ ትኩስ አመድና ፑሚስ እንደ ጎርፍ በመሬት ላይ ፈስሶ የተጋገረው ነው። ሲያርፍ ትኩሳቱ ከፍተኛ ከነበረና ክብደት ከተጫነው እርስ በርሱ ተበያይዶ ይጠነክራል፤ ቀዝቅዞ ካረፈ በጥፍር የሚፋቅ ልል አመድ ሆኖ ይቀራል። ስኮሪያ፣ ማለትም ሠራተኛው ቀይ አሽ ወይም ሬዳሽ የሚለው፣ ጋዝ የነፋው ባዛልታዊ ፍንጣሪ ነው። ፑሚስ ደግሞ ሲሊካው ከፍ ካለ ቅልጥ አለት የሚመጣው ነጣ ያለ፣ ቀላልና ብዙ ጊዜ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ዘመዱ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ቀይ አሽ በንጥረ ነገሩ ከባዛልት አይለይም። ውሉ «ባዛልቲክ ድንጋይ» ብቻ የሚል ከሆነ፣ ቀዳዳ የሞላውን የላቫ (ፈስሶ የቀዘቀዘ ቅልጥ አለት) ቅርፊት ይዞ በመጣ ሻጭ ላይ ክርክር ቢነሳ ሻጩ ሊያሸንፍ ይችላል። ስሙ ስለ ንጥረ ነገር ይናገራል፤ ስለ ጥቅጥቅነት ግን ዝም ይላል።

«ትራኪቲክ» የሚለውም ሁለት ትርጉም አለው። በግንባታ ወረቀት ላይ ሲጻፍ «የትራካይት ወገን የሆነ ድንጋይ» ማለት ነው። የጂኦሎጂ ላቦራቶሪ ውጤት ላይ «ትራኪቲክ ቴክስቸር» ተብሎ ሲጻፍ ግን ስለ ማዕድኖቹ አሰላለፍ ነው የሚነገረው፦ ቅልጡ ሲፈስ ቀጫጭን የፌልድስፓር ዘንጎች በአንድ አቅጣጫ ተደርድረዋል ማለት ነው። ይህ አሰላለፍ ከባዛልት ብዙም ባልራቁ ጥቋቁር ድንጋዮች ላይም ይታያል። የላቦራቶሪ ወረቀት ይዞ «ይኸው ትራኪቲክ ይላል» የሚል ሻጭ ከመጣ የድንጋዩን ስም የያዘውን መስመር እንጂ የቴክስቸሩን መስመር አይመልከቱ።

አሰላለፉ ለግንበኛ ያለው ትርጉም ሌላ ነው። እንዲህ የተሰለፈ ድንጋይ በሰሌዳ መልክ ይሰነጠቃል። ለመፍለጥ ይመቻል፣ ፊቱም ቀጥ ይላል። ነገር ግን ሰሌዳው በተኛበት አቅጣጫ ተኝቶ መገንባት አለበት። ፊቱ ሰፊ ነው ተብሎ ከቆመ፣ ውሃ በንብርብሮቹ መካከል ገብቶ ከጥቂት ክረምት በኋላ ፊቱ ይላጣል።

ከየት በኩል ምን ይመጣል

በሰሜን የእንጦጦ ተራራ ከ20 ሚሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ትራካይትና ሪዮላይት አሉት፤ ሱሉልታ የሚሠራ ሰው በአቅራቢያው የሚያገኘው ብዙውን ጊዜ ከዚህ ወገን ነው። በምዕራብ የወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ የፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የየረር ተራሮች በአብዛኛው የትራካይት እሳተ ገሞራዎች ናቸው፤ ለቡራዩና ለሰበታ የሚቀርበው ነጣ ያለ ድንጋይ ከዚህ አቅጣጫ ነው። በምሥራቅ በኩል ወደ ለገጣፎና ለገዳዲ ኢግኒምብራይትና ባዛልት ተቀላቅለው ይገኛሉ። ወደ አቃቂ፣ ገላን፣ ዱከምና ቢሾፍቱ ሲወረድ ደግሞ ከሁሉም ወጣቱ ባዛልትና የቀይ አሽ ኮረብታዎች ናቸው።

አቅጣጫው ግን ጥራትን አያረጋግጥም፤ ከአንድ ካባ (የድንጋይ ማውጫ) የወጡ ሁለት መኪናዎች እንኳ ሊለያዩ ይችላሉ። ምክንያቱ የላቫው አቀማመጥ ነው። አንድ የባዛልት ፍሰት ሲቀዘቅዝ ከላይና ከታች ያለው ክፍል በጋዝ ቀዳዳ የተሞላና የተሰባበረ ይሆናል፣ መካከሉ ጥቅጥቅ ብሎ ይቀራል። በሁለት ፍሰቶች መካከል ደግሞ ላቫው የጋገረው ቀይ አፈር ይገኛል። ካባው ላይ ኤክስካቫተር ያለ ልዩነት ሲዝቅ መካከለኛው፣ ቅርፊቱና ቀይ አፈሩ አብረው ይጫናሉ። ቀይ ጭቃ የለበሰ ድንጋይ ማልታ (የሲሚንቶ፣ የአሸዋና የውሃ ድብልቅ) አይዘውም፤ ወይ ይታጠባል፣ ወይ ይመለሳል።

የመዶሻና የባልዲ ምርመራ

ከመኪናው የተለያየ ቦታ ቢያንስ 10 ድንጋይ ይምረጡ። ከላይ ያሉትን ብቻ መምረጥ ዋጋ የለውም፤ ደህናው ከላይ እንደሚጫን የማያውቅ ሾፌር የለም።

መጀመሪያ ይስበሩት። የውጭ ቆዳ ያታልላል፦ ጥሩ ባዛልት ብረቱ ዝጎ ቡናማ ይመስላል፣ የበሰበሰው ደግሞ ከውጭ ጥቁር ሊሆን ይችላል። በ2 ኪሎ መዶሻ ሲመታ ጥሩ ድንጋይ ጥርት ያለ ድምፅ አውጥቶ መዶሻውን ይመልሳል፣ ሲሰበርም ጠርዙ ስለታም ነው። የበሰበሰው «ድም» ብሎ ይቀበላል፣ በየጠርዙ ይፈረፈራል። ካባው ውስጥ ክብ ክብ እየሆነ እንደ ሽንኩርት የሚላጥ ባዛልት ካዩ ከልጣጩ መካከል ያለው ኳስ ጠንካራ ቢሆንም ልጣጩ ወደ አፈርነት የሄደ ነው፤ ከእነ ልጣጩ አይረከቡ።

በተሰበረው ፊት ላይ ባዛልት እጅግ ደቃቅ ሆኖ አልፎ አልፎ ኦሊቪን የተባለ ማዕድን አረንጓዴ ነጥብ ወይም ነጭ የፌልድስፓር ስንጥር ያሳያል። ትራካይት ሲዳሰስ ሻካራ ነው፤ ወደ ፀሐይ ሲያዘነብሉት ጠፍጣፋና መስታወት መሳይ የፌልድስፓር ገጾች ብልጭ ይላሉ። እነዚያን ገጾች በቢላ ጫፍ ይፋቁ። ጤነኛ ፌልድስፓርን ቢላ አይቧጥጠውም። ኖራ መስሎ ነጭ ዱቄት ከወጣው ወደ ሸክላነት መቀየር ጀምሯል። ኢግኒምብራይት ላይ የተጨፈለቁ፣ ረዘም ያሉ የፑሚስ ምላሶችና የሌላ ድንጋይ ስብርባሪዎች ተሰክተው ይታያሉ።

ቀጥሎ ክብደቱን ከውሃ ጋር ያነጻጽሩ። ከ2 እስከ 3 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቀው ይመዝኑ። 24 ሰዓት ውሃ ውስጥ ያቆዩት፤ አውጥተው በእርጥብ ጨርቅ ላዩን ብቻ ጠርገው እንደገና ይመዝኑ። በመጨረሻ በቀጭን ገመድ ከእጅ ሚዛን ላይ አንጠልጥለው፣ የባልዲውን ግድግዳና ወለል ሳይነካ ውሃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ሰጥሞ እያለ ያንብቡ። ግራም የሚያሳይ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልጋል፤ ባለ ሞላ (ስፕሪንግ) ሚዛን ለዚህ አይሆንም።

ለምሳሌ ደረቁ 2.840 ኪሎ፣ የጠጣው 2.868፣ ውሃ ውስጥ ያለው 1.848 ቢሆን፣ የጠጣው ውሃ 0.028 ኪሎ ነው፤ ይህ ለ2.840 ሲካፈል 1 በመቶ ገደማ ይመጣል። ደረቁ ክብደት ለ1.020 (ማለትም 2.868 ሲቀነስ 1.848) ሲካፈል 2.78 ይሆናል፤ ድንጋዩ ከውሃ ይህን ያህል እጥፍ ይከብዳል ማለት ነው። ይህ ጥቅጥቅ ያለ ባዛልት ነው። ሌላ ድንጋይ ደረቁ 2.050፣ የጠጣው 2.255፣ ውሃ ውስጥ 1.190 ቢሆን 10 በመቶ ውሃ ጠጥቷል፣ ክብደቱም ከውሃ 1.92 እጥፍ ብቻ ነው። ምንም ያህል ጥሩ ቢጠረብ ይህ ለመሠረት አይሆንም።

በተለምዶ የሚገኙት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ጥቅጥቅ ያለ ባዛልት ከውሃ ከ2.7 እስከ 3.0 እጥፍ ይከብዳል፣ የሚጠጣው ውሃ ከ2 በመቶ በታች ነው፣ የመጨመቅ ጥንካሬው ከ100 ሜጋ ፓስካል በላይ ነው። ጤነኛ ትራካይት 2.4 እስከ 2.7 እጥፍ ሆኖ ከ1 እስከ 5 በመቶ ይጠጣል። ኢግኒምብራይት እንደ መበየዱ ከ1.5 እስከ 2.4 ይዘልቃል፤ ውሃው ከ5 በመቶ ተነስቶ 20ን ሊያልፍ ይችላል።

የመጨረሻው ምርመራ ጊዜ ይፈልጋል፣ ግን የሚያድነው ገንዘብ ብዙ ነው። አንዳንድ ባዛልት ሲያዩት ጥሩ፣ ሲመቱት ጥሩ፣ ውስጡ ግን ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ሸክላ ያዘለ ነው። ሌሊት ነክሮ ቀን ፀሐይ ላይ ማድረቅን አምስት ጊዜ ይደጋግሙ። የሸረሪት ድር የመሰለ ስንጥቅ ካወጣ ወይም ባልዲው ስር ደለል ከተወ፣ መሬት ውስጥ ገብቶ ክረምትና በጋ ሲፈራረቅበት የሚሆነውን አስቀድሞ ነግሮዎታል።

መሠረት፦ ትራካይት ወይስ ባዛልት?

ሁለቱም ይሆናሉ። የአንድ ወይም የሁለት ፎቅ ቤት ጭነት ከሁለቱም ጥንካሬ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር አይገባም፤ የመሠረት ግንብ የሚበላሸው ድንጋዩ ተጨፍልቆ ሳይሆን ማልታው ከድንጋዩ ጋር ሳይያያዝ ቀርቶ ወይም ከስር ያለው መሬት ተንቀሳቅሶ ነው። ለዚህ ነው እኛ በእኩል ዋጋ ከቀረቡ ለመሠረት ትራካይትን የምናስቀድመው። ሻካራ ነው፣ ጥቂት ውሃ ይጠጣል፣ ማልታውን ይይዛል፣ በመዶሻ ሲጠረብም እንደተፈለገው ይሰበራል። ጥቅጥቅ ያለ ባዛልት ፊቱ ለስላሳ ስለሆነ ማልታው ላይ ይንሸራተታል፤ ሲፈለጥም ወዳላሰቡት አቅጣጫ ይሄዳል። ትራካይቱ የነጣና የላላ ከሆነ ግን ፍርዱ ይገለበጣል፤ በተለይ ውሃ በሚተኛበት መሬት ላይ ጤነኛ ባዛልት ይሻላል።

የማልታው አያያዝ እንደ ድንጋዩ ይለያያል፤ ብዙ ግንበኛ ይህን አይለይም። ባዛልት ውሃ ስለማይጠጣ ማልታው ወፈር ብሎ መዘጋጀት አለበት። ቀጥኖ ከተዘጋጀ ድንጋዩ ይዋኛል፣ ከታች ያለው መጋጠሚያ እየተጨመቀ ይወጣል። በአንድ ቀንም ከ1 ሜትር በላይ ከፍታ መገንባት የለበትም። ትራካይትና ኢግኒምብራይት ደግሞ ከመገንባታቸው በፊት መራስ አለባቸው፤ ደረቅ ሆነው ከገቡ ውሃውን ከማልታው ይመጡትና ሲሚንቶው ሳይጠነክር ይደርቃል። ከሳምንት በኋላ በሚስማር ሲፋቅ አሸዋ ሆኖ የሚወርድ መጋጠሚያ አብዛኛውን ጊዜ ሲሚንቶው አንሶ ሳይሆን በዚህ ምክንያት ነው።

ለስሌት እንዲመች፣ 10 በ8 ሜትር የሆነና በመካከሉ አንድ ተሸካሚ ግድግዳ ያለው ቤት 44 ሜትር ያህል የመሠረት ግንብ አለው። በ50 ሳንቲ ሜትር ውፍረትና በ1 ሜትር ከፍታ 22 ሜትር ኩብ ይሆናል። ለ1 ሜትር ኩብ ግንብ ከነክፍተቱ 1.2 ሜትር ኩብ ድንጋይና ሲሶ ያህል ማልታ ስለሚያስፈልግ፣ 26 ወይም 27 ሜትር ኩብ ድንጋይና ከ7 ሜትር ኩብ በላይ ማልታ ይገባል። በ1፡4 ድብልቅ (1 እጅ ሲሚንቶ ለ4 እጅ አሸዋ) ለአንድ ሜትር ኩብ ማልታ ባለ 50 ኪሎ ከረጢት ሲሚንቶ 7 ያህል ይወስዳል፤ ድምሩ ወደ 50 ከረጢት ነው። ድንጋዩ ክብና ትንንሽ ከሆነ የማልታው መጠን ከዚህ በብዙ ይበልጣል። ርካሽ ድንጋይ በሲሚንቶ ዋጋ የሚካሰው እዚህ ላይ ነው።

ድንጋዮቹ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆኑ ይመረጣል። በየ1 ሜትር ካሬው የግንቡን ሙሉ ውፍረት የሚያቋርጥ ቢያንስ አንድ ማሰሪያ ድንጋይ ይግባ። ያለዚያ ውስጡ በስንጥር የተሞላ፣ ሁለት ለየብቻ የቆሙ ቀጫጭን ግንቦች ይሆናል። ከግንቡ በታች 5 ሳንቲ ሜትር ሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው ያነሰ ኮንክሪት)፣ በ1 ሜትር ኩብ 150 ኪሎ ሲሚንቶ ያለው፣ በቂ ነው።

ሃርድኮርና ሙሌት፦ ቀይ አሽ የሚያታልልበት ቦታ

ለሃርድኮር ጥቅጥቅ ያለ ባዛልት አንደኛ ነው፤ በሮለር ወይም በኮምፓክተር ሲመታ አይደቅም፣ ውሃም ከስር ወደ ላይ አይስብም። ድንጋዮቹ በእጅ፣ ሰፊው ጎናቸው ወደ ታች ሆኖ ተጠጋግተው ይደረደራሉ፣ ክፍተታቸው በስንጥርና በደቃቅ ጠጠር ይሞላል። ከመኪና ተገልብጦ በአካፋ የተደለደለ ሃርድኮር ውስጡ ባዶ ስለሆነ ወለሉ ከጊዜ በኋላ ይሰጥማል። ደህና ትራካይትም ይሠራል። ኢግኒምብራይት ግን አይሁን፤ ሲመታ ይደቃል፣ ደቃቁ ክፍተቱን ሞልቶ እርጥበትን እስከ ወለሉ ኮንክሪት ድረስ ይስባል።

ቀይ አሽ የሚገባው ወደ ሙሌት ነው። ቀላል ነው፣ ጭቃ አይሆንም፣ ከደቡብ በኩል በቀላሉ ይገኛል። በአቃቂ፣ በገላን፣ በለቡና በመሳሰሉት መረሬ አፈር (ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ ጥቁር ሸክላ) ባለባቸው ሜዳዎች ላይ መረሬውን ቆፍሮ በቀይ አሽ መተካት የተለመደ ነው። በራሱ ስህተት አይደለም። የሚሳሳተው ውሃው የት እንደሚሄድ ያላሰበ ሰው ነው። ቀይ አሽ ውሃን እንደ ወንፊት ያሳልፋል፤ በዙሪያው ያለው መረሬ ግን አያሳልፍም። ጉድጓዱ መውጫ ከሌለው የጣሪያውና የግቢው ውሃ እዚያ ይጠራቀማል፣ ከስር የቀረው መረሬ ያብጣል፣ ወለሉ መሃል ለመሃል ይነሳል፣ በበጋ ደግሞ ይወርዳል። በጋ ላይ ተሠርቶ መስከረም ላይ በሩ አልዘጋ ያለ ቤት ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።

መፍትሔው መረሬው 1 ሜትር ተኩል ገደማ ከሆነ ጨርሶ አንስቶ እስከ ጠንካራው መሬት መውረድ ነው። ጥልቅ ከሆነና ማንሳት ካልተቻለ የቀይ አሹ ስር ወደ አንድ አቅጣጫ አዘንብሎ ከቤቱ ውጭ ወደሚያፈስ ቦይ ይገናኝ፤ በቤቱ ዙሪያ ደግሞ ቢያንስ 1 ሜትር ስፋት ያለው፣ ወደ ውጭ ያዘነበለ የሲሚንቶ መሄጃ ይሠራ። ሙሌቱ በ20 ሳንቲ ሜትር ንብርብር እየራሰ ይመታ። ከልክ በላይ መምታትም ጉዳት አለው፤ ቀዳዳማው ቅንጣት ደቅቆ ዱቄት ይሆናል።

የኮንክሪት ጠጠር

እዚህ ላይ ማመንታት የለም፦ ጥቅጥቅ ያለ ባዛልት። ትራካይት የጥንካሬ ችግር የለበትም፤ ስጋቱ ሌላ ነው። ሪዮላይት፣ ኢግኒምብራይትና መስታወት የበዛበት ትራካይት የሚይዙት ያልተደራጀ ሲሊካ ከሲሚንቶው አልካሊ ጋር ተገናኝቶ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ ዝልግልግ ነገር ይፈጥራል። ምልክቱ ከዓመታት በኋላ በኮንክሪቱ ፊት ላይ የካርታ መስመር የመሰለ ስንጥቅ ሆኖ ይወጣል፤ ያኔ መድኃኒት የለውም። ባዛልትም ቢሆን ቀዳዳዎቹ በነጭ ነገር የተሞሉ ከሆነ ይጠንቀቁ። የተሞሉት በካልሳይት ከሆነ ኮምጣጤ ሲያርፍበት ይፈላል፣ ጉዳቱም ትንሽ ነው። የማይፈላና ሰም የመሰለ ኦፓል ከሆነ ግን ጠጠሩን ይተውት።

01 እና 02 በሚባሉት መጠኖች የሚሸጠውን ጠጠር ሲረከቡ እፍኝ ያህሉን ጠርሙስ ውስጥ በውሃ አናውጠው ይተውት። ከላዩ ወፍራም የጭቃ ሽፋን ከተኛ ወደ ክሬሸሩ (የድንጋይ መፍጫው) የገባው ድንጋይ የበሰበሰ ነው ወይም ቀይ አፈር ተቀላቅሎበታል።

ከመሬት በላይ፣ ክላዲንግ (የግድግዳ ሽፋን)ና ንጣፍ

ኢግኒምብራይት ክብሩ እዚህ ነው። በመሮና በመዶሻ ይታዘዛል፣ ቀለሙ ያምራል፣ ቀላል ስለሆነ ለአጥርና ለግድግዳ ሽፋን ይመቻል። ሁለት ነገር ብቻ ይጠይቃል። ከግቢው መሬት ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይጀምር፤ ከዚያ በታች ያለው በባዛልት ወይም በትራካይት ይሠራ። መሬት ከነካ እርጥበት ይስባል፣ ውሃው ሲተን ጨው ፊቱ ላይ ይቀራል፣ ጨው ሲጠጥር ፊቱን እየፈረፈረ ይጥለዋል። ማልታውም ከድንጋዩ የጠነከረ አይሁን። በ1፡3 የተያዘ ለስላሳ ድንጋይ መጋጠሚያው ቆሞ ድንጋዩ እየተበላ ይሄዳል፤ ኖራ የገባበት ወይም 1፡5 እና 1፡6 የሆነ ማልታ ይስማማዋል። ቫርኒሽ መቀባት እንደ ፋሽን ተይዟል። ከኋላው የገባው እርጥበት መውጫ ስለሚያጣ ብዙ ጊዜ ቫርኒሹ ከእነ ድንጋዩ ቆዳ ተነስቶ ይወርዳል።

ለግቢ ንጣፍና ለኮብልስቶን ባዛልት በዕድሜ አይታማም፣ ግን በመረገጥ እየለሰለሰ በዝናብ ያንሸራትታል። ትራካይት ሲያልቅም ሻካራነቱን ይጠብቃል፤ የፌልድስፓር ቅንጣቶቹና በዙሪያቸው ያለው ደቃቅ አካል እኩል ስለማያልቁ ፊቱ አይወለወልም። የቬኒስ ከተማ መንገዶች በአቅራቢያዋ ካሉት የኤውጋኒያን ኮረብታዎች በተፈለጠ ትራካይት መነጠፋቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዳገት ላለበት ግቢ ወይም ለመኪና መውጫ ትራካይት፣ ለሜዳ ባዛልት ብለን እንፈርዳለን። የትኛውም ቢሆን ጠርዙ በኮንክሪት ካልታሰረ ከአንድ ክረምት በኋላ ይከፈታል።

ስለ ፑሚስ ብዙ የሚባል የለም። ከመሠረት በላይ ለሚገባ ብሎኬት ነው፤ ከመደባለቁ በፊት በደንብ ይራስ። ሱቅ ውስጥ «ግራናይት» ተብሎ የሚሸጠው የደረጃና የኪችን ድንጋይም ብዙ ጊዜ የንግድ ስም ነው፤ ጥቁሩ በአብዛኛው ጋብሮ ወይም ዶለራይት የሚባል ሌላ ድንጋይ ነው። ለመርገጫ ያን ያህል ለውጥ ስለማያመጣ በስሙ መከራከር አያስፈልግም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ግን የግራናይት ተራራ የለም፤ «ከዚሁ ከአጠገባችን የወጣ ግራናይት ነው» የሚል ካለ የሚሸጠው ምናልባት ትራካይት ወይም ኢግኒምብራይት ነው።

ውሉ ላይ የሚጻፈው

«ተመጣጣኝ» የሚለውን ቃል ማስወገድ አይቻል ይሆናል፣ መለካት ግን ይቻላል። ለመሠረት ግንብ እኛ የምናስገባው እንዲህ ይላል፦ «ድንጋዩ ያልበሰበሰ ትራካይት ወይም ባዛልት ሆኖ፣ ደረቅ ክብደቱ ከውሃ ከ2.3 እጥፍ የማያንስ፣ በ24 ሰዓት ከ5 በመቶ በላይ ውሃ የማይጠጣ፣ ከሸክላና ከአፈር የጸዳ»። ለሃርድኮር ክብደቱ ከ2.5 እጥፍ የማያንስ፣ የሚጠጣው ውሃ ከ3 በመቶ የማይበልጥ ይሁን። ከእያንዳንዱ መኪና ከተመረጡት 10 ድንጋዮች ከ2 በላይ ከወደቁ መኪናው ይመለሳል የሚል መስመር ይጨመር።

የመጀመሪያው ጥሩ ጭነት ሲመጣ ሦስት ድንጋይ ለሁለት ተሰብሮ፣ ቀንና ቁጥሩ በቀለም ተጽፎበት፣ ግማሹ ባለቤቱ ጋር ግማሹ ፎርማኑ ጋር ይቀመጥ። የመኪናውን አልጋም ከመራገፉ በፊት በሜትር ይለኩ፦ ርዝመት፣ ስፋትና የጭነቱ አማካይ ከፍታ። 16 ሜትር ኩብ ተብሎ የሚመጣ ሲኖትራክ ትልልቅ ድንጋይ በአግድም ተጋድሞበት ከስር ባዶ ሊሆን ስለሚችል፣ ከተራገፈ በኋላ ድንጋዩን በ1 ሜትር ከፍታ አራት ማዕዘን አስደርድሮ እንደገና መለካት ክፍያው ከመፈጸሙ በፊት የሚደረግ ሥራ ነው።